የጉሬዛ ለምድ የለበሱት

ባለፈው መስከረም፣ ቦንጋ ገበያ ዳር ባለችው የስፌት ሱቄ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም እየቆረጥኩ ሳለ፣ ጸጉሩን ያንጨፈረረ አንድ ወጣት ማዳበሪያ በትከሻው ተሸክሞ ገባና "እትዬ፣ ለቆዳ ገበር ይሠራሉ?" ብሎ ጠየቀኝ። እሠራለሁ አልኩት። የባህል ጭፈራ ቡድን ውስጥ እንዳለ፣ ለመስቀል በዓል አዳራሽ ውስጥ ለእንግዶች እንደሚያሳዩ፣ ቆዳው ግን አርጅቶ ትከሻቸውን እየቧጠጠ እንዳስቸገራቸው እየነገረኝ የማዳበሪያውን አፍ ፈታ። ከዚያ በኋላ የተናገረውን አልሰማሁም። መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፤ ለዓመታት የማገዶ ጭስ የጠጣ፣ ቅቤ የነካው፣ ዝናብ አርሶት እሳት ያደረቀው ቆዳ ሽታ። ቀጥሎ ረጅሙ ጥቁርና ነጭ ጸጉር ጠረጴዛዬ ላይ ፈሰሰ። መቀሱን አስቀምጬ ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋሁ። ልጁ ደንግጦ "አለርጂ አለብዎት እንዴ?" አለኝ። የልጅ ልጆች ያየሁ ሴት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የጉሬዛ ቆዳ አይቼ ፈራሁ ብዬ እንዴት ልንገረው? "አዎ፣ አቧራ አይስማማኝም" አልኩት።

አባቴ መምህር ነበር። ከጎጃም ተመድቦ የመጣው ከዋጫ ከተማ በላይ፣ ጫካውን ሽቅብ ወጥተው ከሚያገኙት የገጠር ትምህርት ቤት ነው። የመንደሯን ስም ካፋዎቹ ሲጠሩት መጨረሻው ላይ ድምፃቸውን ሳብ ያደርጉታል፤ አባቴ ግን አንዴ አሳጥሮ፣ አንዴ አስረዝሞ፣ ተማሪዎቹን ሲያስቅ ኖሮ፣ እስኪዛወር ድረስ አንድም ቀን አስተካክሎ ሳይጠራት ቀረ። ቤታችን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ነበር። ግድግዳው ቀርከሃ ሆኖ በጭቃ የተለሰነ ነው፤ በየክረምቱ ጭቃው እየረገፈ ስለሚቀዳደድ፣ ጉም እንደ ቤተኛ ሳያንኳኳ ይገባ ነበር። ከጓሯችን የጎረቤታችን እንሰት ይጀምራል፤ እንሰቱ ሲያልቅ ጫካው። ማለዳ ማለዳ ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ጫፍ ሆነው ሲያጓሩ፣ ያን የሚያህል ድምፅ ከአንድ ጦጣ መሰል ፍጥረት ጉሮሮ ይወጣል ብሎ የሚያምን እንግዳ የለም። እናቴም አላመነችም። መጀመሪያ የሰማች ቀን በሯን ዘግታ ውዳሴ ማርያም እንደደገመች አባቴ እየሳቀ ያወራ ነበር።

እናቴ ደግና ሥራ ወዳድ፣ ነገር ግን ፈሪ ሴት ነበረች። ፍርሃቷን የምትደብቀው በንጽሕና ነው፤ ስትፈራ ትጠርጋለች። ከሰው ሁሉ ይበልጥ የምትፈራው ደግሞ የመስቀል ጨፋሪዎችን ነበር። በአገሯ መስቀል ማለት ደመራ፣ አደይ አበባና የካህናት ወረብ ነው። እዚህም ደመራው አለ፣ ቄሱም አሉ፤ ነገር ግን ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ከኮረብታው ወዲያ ረጃጅም የቀርከሃ መለከቶች መጮኽ ይጀምራሉ፤ ከበሮው ይከተላል፤ ከዚያ የጉሬዛ ለምድ የለበሱት ሰዎች ይመጣሉ። ለምዱን ከራሳቸው ላይ አጥልቀው በትከሻና በጀርባቸው ይለቁታል። ፊታቸውን ጥላሸት ይቀባሉ። ጦር ይዘው፣ ጉልበታቸውን ሰበር አድርገው፣ መሬቱን እኩል ሲረግጡት ጭቃው ይፈናጠቃል፤ ደረታቸው ውስጥ የጫካውን ጉሬዛ ማጓራት ሲያጓሩ፣ ሴቶቹ በእልልታ ይመልሱላቸዋል። እንዲህ እየሆኑ በየደጁ ይዞራሉ፤ ባለቤቱ ጠጅ ወይም ማር ያቀርባል፤ ሽማግሌው እርጥብ ሣር ይዞ ይመርቃል፤ ወደሚቀጥለው ደጅ ያልፋሉ። ያለ ደመወዝና ያለ ካርታ የመንደሩን ቤቶች ሁሉ በአንድ ቀን የሚያያይዙት እነሱ ነበሩ።

ከሁሉም ቤት የማይከፈተው የእኛ በር ብቻ ነው። "ለምዱን ሲለብሱ ሰው አይደሉም፤ መንፈስ ይገባባቸዋል" ትለኝ ነበር እናቴ፣ የበሩን መወርወሪያ እያሳረፈች። አባቴ፣ በክፍል ውስጥ ስለ አጉል እምነት የሚያስተምረው ሰው፣ በዚያ ቀን ጋዜጣ ከፊቱ ይዘረጋል፤ ገጹን ግን አይገልጥም። እኔ አልጋ ሥር እገባለሁ። አልጋው ሥር ደግሞ ታቅፋ የተቀመጠች ዶሮ ነበረች፤ እንቁላሏን ልወስድ የመጣሁ እየመሰላት እጄን በመንቁሯ ትወጋኛለች። በውጭ ጨፋሪዎቹ፣ በውስጥ ዶሮዋ፤ መስቀል ለእኔ እንዲህ ነበር የሚያልፈው።

ከጨፋሪዎቹ ፊት የሚመሩት ጎረቤታችን ጋሽ ሻወኖ ነበሩ። ይህ ነገር ነው የበለጠ ያስፈራኝ። ጋሽ ሻወኖን በሌላው ቀን አውቃቸዋለሁ፤ ከጫካ ማር ቆርጠው የሚመለሱ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ወለቴ የመንደሩ አዋላጅ ስለሆኑ፣ በአጥር ላይ ጎመን ሲያቀብሉን "አበባ፣ ቶሎ እደጊ፣ ልጅሽን እኔ ነኝ የምቀበለው" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። እኚያ ጋሽ ሻወኖ በመስቀል ቀን ወዴት ይሄዳሉ? ለምዱ ውስጥ ያለው ማን ነው? በአንደኛ ክፍል ዓመቴ፣ ድፍረት ቢጤ መጣብኝና ከአልጋው ሥር ወጥቼ በግድግዳው ቀዳዳ ተመለከትኩ። በዚያው ቅጽበት አንድ ፊት ከወዲያ በኩል ወደ ቀዳዳው ተጠጋ፤ ጥላሸት የተቀባ፣ ዓይኑ በጭስ የቀላ። እንዳየኝ አጓራ። ቀሚሴ ላይ የደረሰውን እናቴ ብቻ ታውቃለች፤ ዶሮዋም ሳትሰማ አልቀረችም። ከዚያ በኋላ ጋሽ ሻወኖ በአጥር ላይ ሰላም ሲሉኝ እንኳ ከእናቴ ቀሚስ ጀርባ ሆኜ ነበር የምመልሰው።

የነገሩ ሁሉ ቀን የመጣው በቀጣዩ ዓመት ነው። እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከእኔ በኋላ ለብዙ ጊዜ ሳትወልድ ቆይታ ስለነበር፣ አባቴ ከዋጫ የሕፃን ብርድ ልብስ አስቀድሞ ሲገዛ "ገና ነው፣ ሟርተኛ!" ብላ እናቴ ተቆጥታዋለች። ምጡ የያዛት በደመራው ዋዜማ ነው። እትዬ ወለቴ መጥተው አደሩ። ጠዋት ስነቃ ቤቱ ውስጥ የማላውቀው ጸጥታ ነበር፤ በመካከሉ እናቴ እንደ በር ሲጢጥ የምትል ድምፅ ታሰማለች። አባቴ ቆሞ ነበር። ተቀምጦም ቆሞም የማያውቅ ሰው ይመስል እጁን የሚያደርግበት ጠፍቶታል።

እትዬ ወለቴ እጃቸውን ታጥበው ወጡና አባቴን ወደ ጓሮ ጠሩት። እኔም ተከተልኩ፤ ማንም አላስተዋለኝም።

"ልጁ በአግድም ተኝቷል" አሉት። "እኔ ሞከርኩ፣ አልዞርም አለኝ። እዚህ ከዋለች ሁለቱንም እናጣለን። ዋጫ መውረድ አለባት።"

"መኪና እኮ የለም፤ መንገዱ ጭቃ ነው" አለ አባቴ። የተማረ ሰው፣ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር እንደ መልስ ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ነው።

"መኪና አላልኩም። ሰው ነው ያልኩት።"

"ሰው የት አለ?"

መልሱ ከኮረብታው ወዲያ እየመጣ ነበር፤ መለከቶቹ መጮኽ ጀምረዋል። የመንደሩ ወንድ ሁሉ ሜዳው ላይ፣ ለምድ ለብሶ፣ ጥላሸት ተቀብቶ ቆሟል።

አባቴ ኮቱን ለበሰ። ለምን እንደለበሰው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ምናልባት ያለ ኮት ከሰው ፊት ቆሞ ስለማያውቅ ይሆናል። ወደ ሜዳው ሲሮጥ የኮቱን ጫፍ ይዤ ሮጥኩ። እቤት መቅረት እችል ነበር፤ ነገር ግን የእናቴ ድምፅ ከጨፋሪዎቹ ይልቅ አስፈራኝ። ደመራው ጠዋት ተለኩሶ ገና ይጤሳል፤ ካፊያው ጭሱን መሬት ላይ አስተኝቶታል፤ በጭሱ ውስጥ ክብ ሠርተው የሚረግጡት ሰዎች እግር አይታይም፤ ለምዱ ብቻ ነው የሚነሳና የሚወድቀው። ክቡ አንዴ ከተጀመረ ሽማግሌው ሳይመርቅ ማቋረጥ ትልቅ ነውር እንደሆነ ተማሪዎቹ ነግረውኛል። አንድ ጊዜ ያቋረጠ ሰው ዓመቱን ሳይጨርስ ሞቷል ብለውኛል። አባቴም ይህን ያውቃል። የክቡ ጫፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ገባ።

ከበሮው ቆመ። የቆመው አንድ ላይ አይደለም፤ አንዱ ከበሮ መቺ ሳያይ ጥቂት መታና እሱም ዝም አለ። ከዚያ በኋላ የቀረው የትንፋሽ ድምፅና የካፊያው ብቻ ነው። ጥቁር ፊቶች ሁሉ ወደ አባቴ ዞሩ። ጦሮቹን አየሁ። አባቴን ይገድሉታል ብዬ ቆረጥኩ፤ እኔም የኮቱን ጫፍ አልለቅም ብዬ ቆረጥኩ። ከመካከላቸው ትልቁን ለምድ የለበሰው ወደ እኛ መጣ። የጉሬዛው ጸጉር ዝናብ ተሸክሞ ይንጠባጠባል። ሽታው ፊቴ ላይ ደረሰ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ጋሽ መምህር፣ ምን ሆነ?"

ድምፁ የጋሽ ሻወኖ ነበር፤ በአጥር ላይ ሰላም የሚሉኝ ሰውዬ ድምፅ።

አባቴ እጁን ወደ ቤታችን ዘረጋ። "ሚስቴ" አለ፤ "ሚስቴ... ወለቴ ዋጫ ትውረድ አሉ።" ከዚያ ያላሰብኩት ነገር ሆነ፤ አባቴ፣ ሰልፍ ላይ ድምፁ እስከ ወንዝ የሚሰማው ሰው፣ እዚያ ሁሉ ተማሪና ወላጅ ፊት አለቀሰ። ጋሽ ሻወኖ ዞረው በካፋዎቹ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ አንድ ነገር ተናገሩ፤ አጭር ነበር። ሽማግሌው በእጃቸው የያዙትን እርጥብ ሣር ወደ እኛ ወረወሩ፤ እርግማን መስሎኝ ጎንበስ አልኩ፤ ለካ ምርቃት ነው። ክቡ ተበተነ። ሰዎቹ ሲሮጡ ወደ ቤታቸው መስሎኝ ነበር። ወደ ቀርከሃው ነበር የሮጡት።

ቃሬዛውን ሲሠሩ ለማየት ፋታ አልነበረኝም። እናቴን በላዩ ሲያስተኟት ነው የደረስኩት። ሥሯ ያነጠፉት የጉሬዛ ለምዶቹን ነበር፤ ላይዋ ላይ ደግሞ የኮባ ቅጠል ደራረቡ። እናቴ ዓይኗን ስትገልጥ ከራሷ በላይ ያን ሁሉ ጥላሸት የተቀባ ፊት አየች። ልትጮኽ አቅም አጣች። እጇን ወደ አንገቷ፣ ወደ ማተቧ ሰደደች። እትዬ ወለቴ ጎንበስ ብለው "እነሱ ናቸው እንግዲህ፤ ሌላ ሰው የለንም" አሏት።

የዋጫ መንገድ ቁልቁል ነው። ዛሬ ጠጠር ነው፤ ያኔ ግን በጫካው ውስጥ የሚወርድ የእግር መንገድ ነበር፤ ድጡ ሰው በሁለት እግሩ መቆሙን የሚያስረሳ። ተሸካሚዎቹ እየተቀያየሩ ወረዱ። መጀመሪያ ዝም ብለው ነበር። አንዱ ሲንሸራተት ቃሬዛው ያጋድላል፤ እናቴ ትጮኻለች፤ ሁሉም ይቆማሉ። እንዲህ ሆኖ እንደማይደርሱ ገባቸው መሰለኝ፣ ጋሽ ሻወኖ ከፊት ሆነው ማጓራት ጀመሩ። ያንኑ፣ በቀዳዳው በኩል ያጓሩብኝን። የተሸከሙት ተቀበሉ። ጉልበታቸውን ሰበር አድርገው፣ እኩል እየረገጡ፣ ልክ እንደ ሜዳው ጭፈራቸው ወረዱ። ቃሬዛው ከዚያ በኋላ አላጋደለም። ያ የሚያስፈራኝ አረጋገጥ ድጥ ላይ ለመቆም የተፈጠረ ይመስል ነበር። ሴቶች ከኋላ ይከተላሉ። እኔ መሀል ነኝ፤ አንዷ ሴት እጄን ይዛኛለች፤ ማን እንደነበረች ፊቷን እንኳ አላስታውስም፤ መዳፏ ሻካራና ሙቅ ነበር። በዛፎቹ ውስጥ ጨለማ ነው፤ ከላይ እውነተኞቹ ጉሬዛዎች ድምፁን ሰምተው መለሱ። ወንዶቹ ከታች፣ ጉሬዛዎቹ ከላይ ሲያጓሩ፣ ዓለም በሙሉ አንድ አፍ ሆኖ የሚውጠን መሰለኝ።

ወንዙ ጋ ስንደርስ ሙላት ነበር። ያለው ድልድይ ሁለት የተጋደሙ ግንዶች ናቸው፤ ውሃው ግንዶቹን ይነካ ነበር። እዚያ ላይ እናቴ ዝም አለች። ጠዋት ሙሉ እንዳታቃስት እግዚአብሔርን ስለምን የነበርኩ ልጅ፣ አሁን እባክህ ታቃስት ብዬ ለመንኩ። እትዬ ወለቴ አንገቷን ዳሰሱና ቀና ሲሉ ፊታቸውን አየሁት። አባቴ መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ ጭቃው ውስጥ፣ ከነኮቱ።

ጋሽ ሻወኖ ጎንበስ ብለው እናቴን አዩ። ከዚያ የቃሬዛውን ፊት ራሳቸው ያዙና ግንዱ ላይ ወጡ። ዜማውን ቀየሩት። የሚያጓሩ መሆናቸው ቀርቶ እሷን እየጠሩ የሚቆጡ፣ የሚለምኑ፣ እንደገና የሚቆጡ ይመስል ነበር። የምረዳው ቃል አልነበረም፤ "እትዬ" የሚለው ብቻ ይለያል። ሌሎቹ ግንዱ ላይ በአንድ እግር ርዝመት እየተራመዱ ይቀበላሉ። ውሃው እግራቸውን ያልፋል። መሀል ላይ አንደኛውን አዳለጠው፤ ሴቶቹ ጮኹ፤ ጋሽ ሻወኖ ግን ዘፈኑን አላቋረጡም፤ ሳይዞሩ ቆመው፣ ሰውየው እግሩን እስኪያገኝ ድረስ ያንኑ ስንኝ እየደጋገሙ ጠበቁት። ያኔ የእናቴ እጅ ከኮባው ቅጠል ሥር ወጣ። የለምዱን ጸጉር ጨበጠች። ወዲያ ማዶ ሲያሳርፏት፣ ከንፈሯ እምብዛም ሳይንቀሳቀስ "በቁሜ ይዘፍኑብኛል ደግሞ" አለች።

ጋሽ ሻወኖ ሳቁ፤ አፋቸውን የሚሸፍኑበት እጅ ግን አልነበራቸውም። "አይዞህ፣ እትዬ" አሏት፤ አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም ነበር። "አይዞህ። ወንዙ አለፈ።"

ዋጫ ጤና ጣቢያ የነበረው ጤና ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ ሰልፉን በሩቅ ሲያይ ጦርነት የመጣ መስሎት በር ሊዘጋ ነበር አሉ። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ጨፋሪዎቹ ከግቢው ውጭ ጣሪያ በሌለበት ተቀምጠው ጠበቁ። ለምዶቻቸው ከውስጥ ስለቀሩ ራቁታቸውን ይመስሉ ነበር፤ ዝናቡ ጥላሸቱን ከፊታቸው ላይ አጥቦ ደረታቸው ላይ አውርዶታል። እኔ ከአባቴ ጋር በረንዳው ላይ ሆኜ አንድ በአንድ አየኋቸው። የሦስተኛ ክፍል ተማሪ አባት። ወፍጮ ቤት የሚሠራው። የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሠሪ። ሰዎች ነበሩ። ፍርሃቴ ግን አልቀነሰም፤ እንዲያውም ባሰ። ሰዎች ከሆኑ፣ መንፈስ ካልገባባቸው፣ እናቴን ለማዳን ያላቸው ጉልበት የሰው ጉልበት ብቻ ነው ማለት ነው።

እናቴ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም። ወንድ ነበር። ሳያለቅስ ተወለደ፤ ድሬሰሩ ብዙ ታገለ፤ ሳያለቅስ ቀረ።

ያ የተገዛው ብርድ ልብስ አንድ ቀን ብቻ ሠራ። ሳይጠመቅ ስለሞተ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አይቀበርም አሉ ቄሱ፣ እያዘኑ። አባቴ አገሩ አይደለም፤ አንድ ክንድ መሬት የለውም። ጋሽ ሻወኖ ነገሩን ሲሰሙ ከእንሰታቸው ዳር፣ ከአጥራችን ወዲያ፣ ንጹሕ አድርገው ቆፈሩ። በዚያ ዓመት ጭፈራው ወደ ደጃፎቹ አልዞረም። ማንም አልከለከለም፤ ማንም ግን መለከቱን አላነሳም።

በዓመቱ መስቀል ደረሰ። እናቴ ከማለዳው ጀምራ ቤቱን ስትጠርግ ነበርና መፍራቷን አወቅሁ። መለከቶቹ ሲቃረቡ ግን መወርወሪያውን አነሳችው። ድፎ ዳቦ በእንሰት ቅጠል ይዛ ደጃፉ ላይ ቆመች፤ አባቴ ከጎኗ። ጨፋሪዎቹ አጥራችን ጋ ሲደርሱ ከበሮው ቀስ አለ። ጋሽ ሻወኖ ጦራቸውን ውጭ አጥሩ ላይ አስደግፈው ብቻቸውን ገቡ። ፊታቸው ጥላሸት አልነበረውም። ከሁሉም ጨፋሪ እሳቸው ብቻ፣ ለዚያ ደጅ ሲሉ፣ በንጹሕ ፊት መጥተዋል። ለምዱን ከግንባራቸው ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ለእናቴ አጎነበሱ። "እንዳትፈራ ብዬ ነው፣ እትዬ" አሏት። እናቴ ዳቦውን ሰጠቻቸውና ወደ እንሰቱ ዳር አየች፤ እሳቸውም ወደዚያው አዩ። አባቴ፣ ኮቱን እንደለበሰ፣ ወደ ክቡ ገብቶ ጉልበቱን ለመስበር ሞከረ፤ እንደ መንደሯ ስም ያንንም አልቻለበትም፤ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እናቴም። እኔ? እኔ አልጋ ሥር ነበርኩ፤ በቀዳዳው ነው ያየሁት። እናቴ የተወችው ፍርሃት ወደ እኔ ተላልፎ ነበር መሰለኝ። ለምዱን ባየሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ያ ግንድ፣ ያ ውሃና የእናቴ ዝምታ ነው።

ብዙም ሳይቆይ አባቴ ወደ ቦንጋ ተዛወረ። ወላጆቼ እዚሁ አርጅተው እዚሁ ተቀበሩ። እናቴ በመጨረሻዋ ዓመት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጠን፣ "ያን ቀን ግንዱ ላይ ሻወኖ ምን ነበር ያለኝ?" ብላ ጠይቃኛለች። አላውቅም አልኳት። ካፊኖኖ የገበያ ያህል እንጂ አልተማርኩም፤ ዜማውን ብቻ ነው የማስታውሰው። "ጠይቂልኝ" አለችኝ። እሺ አልኩ። እሷም አረፈች፤ ጋሽ ሻወኖም እንዳረፉ ከአንድ የዋጫ ነጋዴ ሰማሁ።

እንግዲህ ያ ወጣት ማዳበሪያውን ትቶልኝ በሄደ በሳምንቱ እሑድ፣ ሱቄን ዘጋሁና በሚኒባስ ወደ ዋጫ ሄድኩ። ከዋጫ ወደ ላይ በሞተር ወጣሁ። በጠጠሩ መንገድ ላይ አንድ አምቡላንስ ቁልቁል ሲያልፈን ባለሞተሩ ዳር ያዘ። ወንዙ ላይ የሲሚንቶ ድልድይ ተሠርቷል፤ መድረሴን ሳላውቅ አልፌው ነበር። ደስ ሊለኝ ይገባል፤ ብሎኛልም፤ በዚያ መንገድ ላይ የምትወርድ ምጥ የያዛት ሴት ሁሉ እንደዚያ ትውረድ። ጫካው ግን ከመንገዱ ወደ ኋላ ሸሽቷል፤ ከላይ የሚያጓራም አልሰማሁም።

እትዬ ወለቴ በሕይወት አሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ድምፄን ሰምተው "የመምህር ልጅ ነሽ" አሉኝና እጄን ይዘው አልለቀቁም። ከቤታቸው ደጃፍ ተቀመጥን። እንሰቱ ዳር ያለው ቦታ ሣሩ ታጭዷል፤ ማን እንደሚያጭደው አልጠየቅሁም።

"መስቀል ደረሰ፤ ማን ይጨፍራል አሁን?" አልኳቸው።

"ማን አለ ብለሽ። ግማሹ ጴንጤ ሆነ፣ ጭፈራ ተወ። ልጆቹ ከተማ ናቸው። ቦንጋ ላይ ለእንግዳ ይጨፍራሉ ይሉኛል።"

"ጋሽ ሻወኖ ግንዱ ላይ ለእማዬ የዘፈኑት... ቃሉ ምን ነበር?"

"ቃሉን እኔም አላስታውስም" አሉ። "የፈራ ሰው የሚለው ነዋ። እዚያው የፈጠረው ነው።"

"ማን ነው የፈራው?"

"ሻወኖ! ሁላችንም ነን እንጂ። እናንተ ትፈሩን ነበር፤ እኛም ይህን እናውቅ ነበር። የመምህሩ ሚስት በእጃችን ላይ ብትሞት፣ ለምዳቸው ገደላት፣ መንፈሳቸው በላት አይባልም? ቃሬዛውን ሲሠሩ አንዳንዶቹ አንሸከምም ብለው ነበር። ሻወኖ ነው የተቆጣቸው። ግንዱ ላይ ሲገባ እግሩ ሲርድ ከኋላው ሆኜ አይቼዋለሁ። ልጁ የሞተ ቀን እቤት ገብቶ እህል አልቀመሰም። አባትሽ ጦር ይዞ ይመጣብኛል ብሎ ሲጠብቅ ነበር። አባትሽ ደግሞ መጥቶ እግሩ ላይ ወደቀ።"

ይህን አባቴ ነግሮን አያውቅም።

በዚያ መንደር በአንድ ክብ ውስጥ የነበርነው ሁሉ፣ ጥላሸት የተቀባውም፣ ኮት የለበሰውም፣ አልጋ ሥር የገባችውም፣ እርስ በርስ ስንፈራራ ኖረን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ በአንድ ሰው ምክንያት፣ አብረን ፈራን። ያን ያህል ሰው ለእኔ ቤት አብሮ የፈራበት ቀን ከዚያ ወዲህ በሕይወቴ አልደረሰብኝም። ባለቤቴ ሆስፒታል የሞተ ጊዜ ኮሪደሩ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፤ ሁሉም ነገር ንጹሕ፣ ሁሉም ነገር በሥርዓቱ፣ አንድም ድምፅ የሌለበት።

"ያን ቀን ቃሬዛውን ከያዙት ማን ማን አለ?" አልኳቸው እትዬ ወለቴን። ላያቸው፣ እጃቸውን ልስም፣ ልጠይቅ ፈልጌ ነበር።

እትዬ ወለቴ እጄን ለቀቁና የራሳቸውን እጅ ከፍ አድርገው በሕይወት ያሉትን እያጠፉ ሊቆጥሩ ጣቶቻቸውን ዘረጉ። ከንፈራቸው ስሞችን አንድ በአንድ እየጠራ ለረጅም ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ፣ አንድም ጣት ሳያጥፉ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉት።